«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ»፦ ትርጉሙ፣ መነሻውና ተማሪ የሚስትበት ቦታ

አባባሉ ሙሉውን ሲነገር «በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ፣ እልም ካለው ገደል ወደቅህ ወይ» ነው። ልጆች በዜማ ይሉታል። አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ «ገደሉን ሳታይ» ላይ ይቆማል፤ አንዳንዱማ «አይ በሬ ሆይ!» ብሎ ራሱን ነቅንቆ ይተወዋል፣ ቀሪውን ሰሚው ይሞላዋል። «ጥቅሙን ብቻ አይቶ አደጋውን ሳያይ ለተጎዳ ሰው ይባላል» ብሎ በአንድ መስመር መፍታት ይቻላል። ፈተና ላይ ይህ ነጥብ ያስገኛል፤ ከአባባሉ ግን ግማሹን ያስቀራል።

መነሻው የእረኛና የገበሬ ኑሮ ነው። ከብትና ገደል በተጎራበቱበት ደጋ ሁሉ ስለሚባል የአንድ አገር ንብረት ነው ማለት አይቻልም። ሰሜን ሸዋ ላይ ግን ነገሩ በዓይን ይታያል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከዚያ ሜዳው ለጥ ብሎ ይሄድና ጣርማ በር ላይ ድንገት ያልቃል። ቁልቁል ደብረ ሲና አለች፤ ወርዶ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ይላል። በምዕራብ በኩል ደግሞ የጀማ ሸለቆ ሜዳውን ይቆርጠዋል። ሜዳው ላይ ቆሞ ለሚያይ ገደሉ የለም፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ነው መሬቱ ከእግሩ ሥር እልም የሚለው። ዘፈኑ «ትልቅ ገደል» ሳይል «እልም ካለው ገደል» ማለቱም ለዚህ ነው፤ ታቹ ከዓይን የሚጠፋ ገደል ነው።

ሳሩስ ለምን እዚያ ጫፍ ላይ ሆነ? እረኛ ከብቱን ከገደል ያርቃል፤ ማረሻም እስከ አፋፉ አይደርስም። ሜዳው ተግጦ አፈሩ ሲታይ፣ የአፋፉ ሳር ማንም ሳይነካው ይንዠረገጋል። በጣርማ በርና በአንኮበር በኩል ከቆላው እየተነሣ የሚወጣው ጉም አፋፉን ስለሚያረጥበው በበጋ እንኳ ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ በሬው አልተሳሳተም፤ ሳሩ እውነትም ጥሩ ሳር ነው። ችግሩ ሥሩ አፈሩን ይዞ ከአለቱ ወጣ ብሎ መንጠልጠሉ ነው። የሚረገጠው መሬትና ባዶው አየር አንድ ዓይነት ሳር ለብሰው ይታያሉ። ክረምት ላይ አፈሩ ሲርስ ደግሞ ያ ጠርዝ የበሬ ክብደት አይችልም።

የበሬው አበላልም ይጨመርበት። ከብት የላይኛው የፊት ጥርስ የለውም። ሳሩን በምላሱ ጠቅልሎ ይይዝና አንገቱን ወዝወዝ አድርጎ ይገነጥለዋል። ሲግጥ ራሱን ደፍቶ፣ ክብደቱን የፊት እግሮቹ ላይ ጥሎ፣ ጥቂት ጥቂት እየጎረሰ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይላል። ዓይኖቹ በግራና በቀኝ ስለሆኑ ጎንና ጎኑን አጥርቶ ያያል፤ ጥልቀት የሚለይበት፣ ሁለቱም ዓይኖች በአንድነት የሚያዩበት የፊቱ ቦታ ግን ጠባብ ነው። አባባሉ «ሞኝ በሬ» ወይም «ሆዳም በሬ» አለማለቱን ልብ ይሏል። የሚናገረው ስለ ማየትና ስለ አለማየት ብቻ ነው። ሆዳምነትን የሚወቅስ አባባል አድርገው የሚፈቱት ሰዎች የሌለ ቃል እየጨመሩበት ነው።

በሬ የሆነበትም ምክንያት አለው። ጭላዳ ዝንጀሮም እዚያው አፋፍ ላይ ሳር ሲነጭ ይውላል፤ ሲመሽ ግን ገደሉ ማደሪያው ነው። «ጭላዳ ሆይ» ቢባል ማንም አያዝንም። በሬ ግን የጥማድ ግማሽ ነው። አንዱ ገደል ሲገባ የቀረው ብቻውን አያርስም፤ ባለቤቱ አንድ በሬ ያለው ሌላ ሰው ፈልጎ በመቀናጆ፣ በተራ ለማረስ ይገደዳል። ዝናቡ ደግሞ ተራ አይጠብቅም። ስለዚህ በአባባሉ ውስጥ ከተግሣጽ ይልቅ ሐዘን ይበዛል፤ «ወደቅህ ወይ» የሚለውም መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ ሳይሆን ሙሾ ነው።

የዘይቤውን ዓይነት ሲጠየቁ ብዙ ተማሪዎች «ሰውኛ» ብለው ይመልሳሉ። ሰውኛ ግን ሰው ላልሆነው ነገር የሰው ጠባይ ሲሰጥ ነው። እዚህ በሬው የሠራው የበሬ ሥራ ነው፤ አየ፣ ጋጠ፣ ወደቀ። መልስ ሊሰጥ የማይችለውን «ሆይ» ብሎ መጥራት እንቶኔ ይባላል። ሰውን በበሬ፣ ጥቅምን በሳር፣ ጥፋትን በገደል ተክቶ መናገሩ ደግሞ ተለዋጭ ነው። «እንደ በሬ ሳሩን አይተህ» ቢል ኖሮ ተነጻጻሪ ይሆን ነበር። ሁለት ዘይቤ አንድ ላይ መገኘቱ ፈተና አራሚን እንጂ ተናጋሪን አያስጨንቅም።

አሁን አጠቃቀሙን እንይ።

«አክስቴ፣ ቦታውን እኮ በግማሽ ዋጋ ነው ያገኘሁት። ቀብዱንም ሰጥቻለሁ።»
«ካርታው በማን ስም ነው?»
«እሱን ደላላው ያመጣዋል።»
«አይ በሬ ሆይ!»

አክስትየው «ተታለሃል» አላለችም፤ ደላላው አጭበርባሪ ነው ብላም አልመሰከረችም። ሰሚው ግን ሦስቱንም ያገናኛል፦ ሳሩ ግማሽ ዋጋው ነው፣ ገደሉ የሌለው ካርታ ነው፣ ቀብዱ ደግሞ የፊት እግሮቹ ጠርዙን ማለፋቸው ነው። የአባባል ፍቺ ትክክል መሆኑ የሚፈተነው እንዲህ ነው። እያንዳንዱን ክፍል ከታሪኩ ውስጥ ካለ ነገር ጋር ማጋባት፤ ከክፍሎቹ አንዱ እንኳ አቻ ካጣ አባባሉ ያለቦታው ገብቷል ማለት ነው። ለምሳሌ በሕመም ምክንያት ሥራውን ላጣ ሰው «በሬ ሆይ» አይባልም። ገደል አለ፣ ሳር ግን የለም።

ጊዜውም ይለያል። አባባሉ በተፈጥሮው የሚመጣው ከወደቁ ወይም መውደቅ ከጀመሩ በኋላ ነው። ገና ያልወደቀውን ለማስጠንቀቅ ሲፈለግ «ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዳይሆን» ተብሎ ጅራቱ ይለወጣል። ደግሞም የሚነገረው ለእኩያ ወይም ለታናሽ ነው። ለጋሼ ወይም ለአባባ ፊት ለፊት «በሬ ሆይ» ማለት ስድብ ነው፤ ስለ ትልቅ ሰው ሲወራ «ነገሩ የሳሩና የገደሉ ሆነባቸው» ተብሎ ይለዝባል። ለሴት ሲነገርም በሬው በሬ እንደሆነ ይቀራል፤ «ላሚቱ ሆይ» የሚል የለም።

ይህ ሁሉ እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ዋጋ የሚያወጣው አጭር ምንባብ ሲመጣ ነው። ተማሪው የሚያውቀውን የአማርኛ አባባል ይዞ ገብቶ የሚመስለውን የእንግሊዝኛ አባባል ይፈልጋል፤ ስህተቱም እዚያ ይጀምራል። እንግሊዞች «ከአጥር ማዶ ያለው ሳር የበለጠ ለምለም ነው» የሚሉት አባባል አላቸው። ሳር ስላለበት ብቻ ከበሬያችን ጋር ያጋቡታል። የእነሱ ሳር ግን ለምለም የሚመስለው ከሩቅ ስለታየ ነው፤ ነገሩ የሰውን ኑሮ ስለ መመኘት ነው፣ ገደልም የለበትም። የእኛው ሳር ለምለምነቱ እውነት ነው፤ አደጋው ከጎኑ ነው። ሥዕሉ ተመሳስሎ ሐሳቡ ፈጽሞ ተለያየ። «ሉክ ቢፎር ዩ ሊፕ»፣ ማለትም ከመዝለልህ በፊት እይ የሚለው፣ በሐሳብ ይቀርባል፤ እሱ ግን አስቀድሞ የሚሰጥ ምክር ስለሆነ «እንዳይሆን» የሚለውን ጅራት ከጨመርንበት መልክ ጋር እንጂ ከሙሾው ጋር አይገጥምም።

አንድ ምንባብ ወስደን እንፍታ፤ በእንግሊዝኛ ቢመጣም አሠራሩ ይኸው ነው። «ወጣቱ፣ ሰው ወደ ውጭ አገር ወደሚልከው ቢሮ ገባ። የግድግዳው ቀለም ገና እጅ ይነካል። የወንበሮቹ ላስቲክ አልተገፈፈም። ጸሐፊዋ ፊት ላይ ፈገግታ ተለጥፏል። የደመወዙን መጠን ሲነግሩት ብዕሩን አነሣ።» ጥያቄው «ስለ ቢሮው ምን መረዳት ይቻላል?» ነው። ምርጫዎቹም፦ ሀ. ቢሮው ሀብታም ነው፤ ለ. ቢሮው ገና መከፈቱና እምነት የማይጣልበት መሆኑ ነው፤ ሐ. ወጣቱ ገንዘቡን ተበልቷል፤ መ. ሰው ወደ ውጭ የሚልክ ቢሮ ሁሉ አጭበርባሪ ነው።

መጀመሪያ የሚታየውን ብቻ መልቀም ነው፦ እርጥብ ቀለም፣ ላስቲክ፣ የተለጠፈ ፈገግታ። ቀለሙ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ የቆየ ቢሮም ይታደሳል። ላስቲኩ ሲጨመር ግን ዕቃውም አዲስ ነው። ሦስተኛው ምልክት ዘይቤ ነው፤ ፈገግታ አይለጠፍም። የተለጠፈ ነገር ከውስጥ አልመጣም፣ ሊላጥም ይችላል፤ ስለዚህ የምንባቡ ደራሲ ስለ ሐሰተኛነት እየነገረን ነው። ይህን ቃል በቁሙ ያነበበ ተማሪ «ጸሐፊዋ ደስተኛ ናት» ብሎ ወደ ሀ ይሄዳል። ሦስቱ ምልክቶች ተደምረው የሚያደርሱት ለ ላይ ነው።

ጎበዝ ተማሪን የሚጥለው ሐ ነው። ታሪኩ ወዴት እንደሚያመራ ስለገባው ከምንባቡ ቀድሞ ይሮጣል። ምንባቡ ግን ብዕሩን እንዳነሣ ቆሟል፤ አልፈረመም፣ አልከፈለም። መ ደግሞ ከአንድ ቢሮ ተነሥቶ ሁሉንም ይኮንናል፤ «ሁሉ»፣ «ሁልጊዜ»፣ «በፍጹም» የሚሉ ቃላት ያሉበትን ምርጫ፣ ምንባቡ ራሱ ያን ያህል ካልሰፋ በቀር፣ መሰረዝ ይበጃል። በዚሁ ምንባብ መጨረሻ «በወሩ ሲመለስ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አገኘ፤ ስልኩም አይነሣም» የሚል ቢጨመርና ጥያቄው ወደ ወጣቱ ቢዞር፣ ያን ጊዜ ሐ ወደ ትክክለኛው መልስ ይጠጋል፤ ከፍሎ እንደነበረ የሚያሳይ ቃል ግን አሁንም ያስፈልገዋል።