ያመንሁትን አውቃለሁና

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ። ይሄን የምጽፈው እሁድ ማታ ባየሁት ነገር ነው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከልቤ አልወጣ ብሎኛል። እዚህ ጅማ በምንሰበሰብበት የቤት ጸሎት ላይ አንዲት እህታችን፣ ባሏ ከታመመ ሁለት ዓመት ያለፋት፣ የጸሎት ርዕስ ስትጠየቅ "አንዳንዴ ጌታ ይሰማኛል ወይ ብዬ እጠራጠራለሁ፣ ጸልዩልኝ" አለች። አንድ ወንድም ወዲያው ተቀበላትና "ችግሩ እሱ ነው፣ እምነት የለሽም፣ ተፈውሷል ብለሽ አውጂ፣ አውቃለሁ በይ" አላት። አስደገማትም። "አውቃለሁ" አለች ድምጿ እየተቆራረጠ፣ ከዛ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሻይ ሳይቀርብ ወጣች። እኔም እዛው ተቀምጬ ነበር፣ ምንም አላልኩም።

ያቺ "አውቃለሁ በይ" የምትል ቃል የት እንደወሰደችኝ ልንገራችሁ። የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ አዲስ አበባ እያለሁ ስድስት ዓመት ሞርሞን፣ ማለትም አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተችው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተክርስቲያን አባል ነበርኩ። ስለ ሰዎቹ ክፉ ላወራ አይደለም፣ ደጎች ናቸው። በ77ቱ ረሃብ ጊዜ፣ ጥር 19 ቀን 1977፣ አሜሪካና ካናዳ ያሉ አባሎቻቸው አንድ እሁድ ጾመው የምግባቸውን ገንዘብ ለኛና ለሌሎች የአፍሪካ ረሃብተኞች አዋጥተዋል፣ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው የተሰበሰበው፣ ይሄ አይረሳም።

እነሱ ጋ በየወሩ የመጀመሪያው እሁድ የጾም እሁድ ነው፣ ሁለት ማዕድ ይዘለላል፣ ከዛ መድረኩ ክፍት ነው፣ የፈለገ ወጥቶ ይመሰክራል። ሲመሰክሩ ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ "አምናለሁ" አይሉም፣ "አውቃለሁ" ነው የሚሉት። ቤተክርስቲያኗ እውነተኛ እንደሆነች አውቃለሁ፣ መሥራቿ ጆሴፍ ስሚዝ ነቢይ እንደነበረ አውቃለሁ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጎን የሚቀበሉት መጽሐፈ ሞርሞን እውነት እንደሆነ አውቃለሁ። ትንንሽ ልጆች እንኳ ወላጅ ጆሯቸው ላይ እያንሾካሾከላቸው ሲሉት ታያላችሁ። መጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ፣ እውነት መሆኑን እግዚአብሔርን ብትጠይቁ በመንፈስ ቅዱስ ይገልጥላችኋል የሚል ተስፋ አለ፣ እኔም ስንት ሌሊት ተንበርክኬ ልቤ እስኪሞቅ ጠብቄያለሁ። አንዳንዴ ይሞቃል። ሳይሞቅ በቀረበት ወርም ግን ወጥቼ አውቃለሁ ብያለሁ፣ ሁሉ ሲል እኔ ብቻዬን እንዴት ልቅር።

ቡናና ሻይ ደግሞ አይጠጣም፣ እ.ኤ.አ. በ1833 ጆሴፍ ስሚዝ ተቀበልኩት ካለው መገለጥ የተነሳ ትእዛዝ ነው። ለጅማ ልጅ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አንድ ፋሲካ እማዬ ጋ መጣሁና፣ ከጓሮ የለቀመችውን ራሷ ቆልታ፣ ጭሱን በእጇ ወደኔ እያመጣች አሽትታኝ፣ አቦሉን ቀድታ ስትሰጠኝ "አልጠጣም" አልኳት። ሲኒውን ተቀብላ ረከቦቱ ላይ መለሰችው። አልደፋችውም፣ በረካው እስኪያልቅ እዛው ቀዘቀዘ። ሰው ለሚወደው ጌታ ብሎ ቡና ቢተው አከብረዋለሁ፣ እኔ ግን የተውኩት ሊስቱ ላይ ስላለ ነበር። የኔ ሃይማኖት ሊስት ነበር ወገኖቼ፣ ይሄ እውነት ነው፣ ያ እውነት ነው እያልኩ የምቆጥረው።

ከዛ ራሷ ቤተክርስቲያኗ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣችውን አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጆሴፍ ስሚዝ ከቅዱሳት መጻሕፍቶቻቸው አንዱ የሆነውን መጽሐፈ አብርሃምን ተረጎመበት ከተባለው የግብፅ ፓፒረስ፣ የጥንት የጽሑፍ ጥቅልል፣ በተረፉት ቁርጥራጮች ላይ የአብርሃም ስም እንኳ የለም ይላል። ይሄን አንብበው በእምነታቸው የቀጠሉ አሉ። የኔ ግን አንዱ ክር ሲመዘዝ ሹራቡ በሙሉ ተተረተረ፣ እግዚአብሔርም አብሮ የሄደ መሰለኝና ሁለት ዓመት ጸሎት የሚባል አልጸለይኩም።

የመለሰኝ ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ ለጢሞቴዎስ የጻፈው ነው፦ "ያመንሁትን አውቃለሁና፥ የሰጠሁትንም አደራ እስከዚያ ቀን ድረስ ሊጠብቅ እንዲችል ተረድቼአለሁ" (2ኛ ጢሞ 1:12)። እሱም አውቃለሁ ይላል አይደል? ግን ምኑን ነው የሚያውቀው? "ሊጠብቅ እንዲችል" ነው ያለው፣ የሚጠብቅ ደግሞ አካል ያለው ነው፣ ሊስት አይጠብቅም። ጳውሎስ የሚያውቀው እሱን ነው። እኔ ስድስት ዓመት ስለሱ የሚባለውን ሳውቅ ለሱ የሰጠሁት ምንም አልነበረም።

አደራ የሚለውን ቃል ደግሞ እማዬን አይቼ ነው የገባኝ። አዲስ አበባ ለኔ ማር ስትልክ በሌሊት ተነስታ መናኸሪያ ትሄዳለች፣ ክዳኑን በፌስታል ጠቅልላ በገመድ ያሰረችውን ጄሪካን ይዛ ሹፌሩን ትፈልጋለች፣ የማን ልጅ እንደሆነ ትጠይቀዋለች፣ ከዛ "አደራ ልጄ" ብላ እጁ ላይ ታስቀምጠዋለች። አውቶቡሱ አዲስ አበባ እንደሚሄድ መናኸሪያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያምናል። ጄሪካኑን የለቀቀችው ግን እሷ ናት። ቤት ገብታም ትጨነቃለች፣ "ደርሶ ይሆን? ፈሶ ይሆን?" እያለች ስትንቆራጠጥ ትውላለች፣ ስልክ ትደውላለች። መጨነቋ ግን አደራውን ከሹፌሩ እጅ አላስመለሰውም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እሁድ የተናገርከው አንተ፣ እወድሃለሁ፣ ግን ያዕቆብ "አጋንንት ደግሞ ያምናሉ ይንቀጠቀጡማል" ሲል እኮ እነሱ ጥርጣሬ የለባቸውም። እግዚአብሔር አንድ እንደሆነ ካንተም ከኔም በላይ ያውቃሉ። የለቀቁለት ነገር ግን የለም። ያ ልጁ የታመመበት አባት ደግሞ "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው" ብሎ ሲጮህ ጌታ መጀመሪያ አስተካክለህ በል አላለውም፣ ልጁን ፈወሰለት (ማር 9)። የተጨነቀችን ሴት ያልሆነችውን "ነኝ" አስብለህ ስትልካት እምነት አልሰጠሃትም፣ ጌታ ፊት መዋሸት ነው ያስተማርካት። እኔ እዛ ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት ተምሬያለሁ፣ እባክህ።

እና አንቺ እህቴ፣ ይሄን የምታነቢ ከሆነ፣ ሁለት ዓመት በየሌሊቱ ተነስተሽ ባልሽን እያገላበጥሽ የምትጸልዪው ለማን ነው? ይሰማኛል ወይ ብለሽ የጠየቅሽውም ስለሱ ነው፣ እንድንጸልይልሽ የለመንሽውም ወደሱ ነው። ሸክምሽን ከሱ እጅ መልሰሽ አልወሰድሽም እኮ። ዝም ስላልኩ ይቅር በይኝ። ሐሙስ ከሥራ በኋላ እኔና ባለቤቴ እንመጣለን፣ ቡናውን እኛ ይዘን ነው የምንመጣው፣ አንቺ ምንም እንዳትሰሪ። ጋሼን ቀና አድርገን ትራስ ደግፈነው አብረን እንጠጣለን፣ ከዛ የፈለግሽውን ንገሪን፣ እጠራጠራለሁም ብትይ አሜን ብለን እንጸልያለን።