ራይት ቱ ሮም ምንድን ነው? በሰው ተራራ ላይ የመንሸራሸር ጉዳይ

እንግሊዝ አገር ገጠር ወጥታችሁ የምታውቁ ከሆነ "ፐብሊክ ፉትፓዝ" የሚል ምልክት ሳታዩ አልቀራችሁም። ምልክቱ በሰው እርሻ መሀል በአንዲት ቀጭን መንገድ እንድታልፉ ይፈቅዳል። ከመንገዷ ወጣ ብላችሁ ሜዳው ላይ እንድትዝናኑ ግን አይፈቅድም። ራይት ቱ ሮም የሚባለው ከዚህ ያለፈው ነው። መንገድ ሳይከተሉ፣ ባለመሬቱን ሳያስፈቅዱ፣ ክፍት በሆነ መሬት ላይ ደስ ወዳላቸው አቅጣጫ በእግር የመሄድ መብት።

ሲያዩት ቀላል ነገር ይመስላል። እንግሊዞች ግን ለዚች መብት ከመቶ ዓመት በላይ ተጨቃጭቀዋል። ጭቅጭቁ በጣም የጦፈው በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።)

ነገሩ እንዲገባን መጀመሪያ ከአንዲት ወፍ ጋር እንተዋወቅ። ግራውስ ትባላለች። ቆቅ መሰል ናት፣ ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም አላት። ዋና ምግቧ ሄዘር የሚባል ቁጥቋጦ ነው፤ የእኛ አስታ የሥጋ ዘመድ። ሄዘር የሚበቅለው በሰሜን እንግሊዝና በስኮትላንድ ከፍታዎች ላይ፣ እህል በማያበቅል ጥቁር ረግረጋማ አፈር ላይ ነው። ድሮ ማንም የማይፈልገው መሬት ነበር። ባቡርና ጥሩ ጠመንጃ ሲመጡ ግን ለባላባቶቹ ወርቅ ሆነ። ለአደን።

አደን ሲባል ታዲያ ወፍ ፍለጋ ዱር ለዱር መንከራተት እንዳይመስላችሁ። አዳኞቹ ከድንጋይና ከሣር አፈር በተሠሩ ምሽጎች ውስጥ በረድፍ ቆመው ይጠብቃሉ። በቀን ሒሳብ የተቀጠሩ የአካባቢው ሰዎች ከሩቅ ተሰልፈው፣ ጨርቅ እያውለበለቡ፣ ወፎቹን ወደ ምሽጎቹ ይነዳሉ። ግራውስ መሬት ለመሬት ነው የምትበረው፤ ፍጥነቷም አይጣል ነው። ለዚህ ነው ደህና ተኳሽ ሁለት ጠመንጃ የሚይዘው። አንዱን ሲተኩስ ሌላውን ከጎኑ የቆመ ሰው ያጎርስለታል። ወቅቱ ኦገስት 12 ተከፍቶ ዲሴምበር 10 ይዘጋል። የመክፈቻው ቀን የራሱ ስም አለው፤ ግሎሪየስ ትዌልፍዝ። ለአንዳንድ ቤተሰብ ከገና የማይተናነስ በዓል ነበር።

አንድ ተራራ ላይ በዓመት ውስጥ የሚተኮስበት ቀን ጥቂት ነው። የተቀረውን ጊዜ መሬቱ ለወፏ ይጠበቃል። ጠባቂ ይቀጠራል። ጠባቂው ቀበሮ ይገድላል፤ ያኔ ጭልፊትም ይገድል ነበር። ወፏ ለጋ ቅጠል እንድታገኝ ሄዘሩን በየተራ፣ ቁራጭ በቁራጭ ያቃጥላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ያኔ ሰው ያባርር ነበር። ሰው ካለፈ ወፏ ትደነብራለች፣ እንቁላሏን ትታ ትሄዳለች የሚል ነበር ምክንያቱ።

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንምጣ። ማንቸስተርና ሼፊልድ፣ ጥጥና ብረት፣ ጢስ። ሠራተኛው ከቅዳሜ ከሰዓት እስከ እሁድ ማታ ነው ነፃ የሚሆነው። ከ1929 በኋላ ደግሞ ሥራ አጡ በዛ፤ ጊዜ እንጂ ገንዘብ የሌለው ወጣት ከተማውን ሞላው። በእግር መንሸራሸር በነፃ ነው። በርካሽ የባቡር ትኬት ከከተማ ይወጡና ሲሄዱ ይውላሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። በ1930 የወጣቶች ማደሪያ ማኅበር ተመሠረተ፤ አንድ አዳር አንድ ሽልንግ። በየከተማው የእግረኛ ክበቦች ፈሉ።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ኪንደር ስካውት የሚባል አምባ አለ። ከፍታው 636 ሜትር ነው። (የአዲስ አበባ ሰው፣ አትሳቅ። ነፋሱን ስታየው ሳቅህ ይጠፋል።) እግረኛው በአንድ በኩል ይመጣል፣ የአደን ጠባቂው በሌላ በኩል ዱላ ይዞ ቆሟል። መሀል ላይ "የገባ ሰው ይከሰሳል" የሚል ሰሌዳ አለ።

እኔን በዚህ ታሪክ ውስጥ በጣም የሚገርመኝ ይሄ ሰሌዳ ነው። በሕግ ዓይን ባዶ ማስፈራሪያ ነበር። በእንግሊዝ ሕግ ሰው መሬት ላይ ያለፈቃድ መግባት ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ባለመሬቱ "ውጣልኝ" ማለት ይችላል። አልወጣም ካሉት በመጠነኛ ኃይል ማስወጣት ይችላል። ካሳም መጠየቅ ይችላል። ግን ምንም ያላበላሸ እግረኛ ላይ የሚፈረደው ካሳ የጠበቃውን ወጪ እንኳ አይሸፍንም። እንዲህ ያሉትን ሰሌዳዎች "የእንጨት ውሸት" የሚሏቸው ለዚህ ነው። ተራራውን የዘጋው ታዲያ ሕጉ ሳይሆን የጠባቂው ዱላ ነበር ማለት ይቻላል።

ኤፕሪል 24 ቀን 1932፣ እሁድ። ቤኒ ሮዝማን የሚባል የ20 ዓመት የማንቸስተር ልጅ፣ ከኮሚኒስቶች ጋር ቅርበት ባለው የሠራተኞች ስፖርት ፌዴሬሽን በኩል "ኑ፣ ኪንደርን አብረን እንውጣ" ብሎ ጥሪ አሰማ። ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ስለነበር ፖሊስም ሰምቷል። ባቡር ጣቢያው ላይ ሲጠብቁት እሱ በብስክሌት መጣ። ሄይፊልድ መንደር ውስጥ ስብሰባ ክልክል ነው ስለተባለ ሰዉ ወደ አንድ አሮጌ የድንጋይ ካባ ሄደ። ይናገራል የተባለው ሰው ፈራና ቀረ። ቤኒ ራሱ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ተናገረ።

ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች ነበሩ ይባላል። መጀመሪያ በተፈቀደው መንገድ ሸለቆውን ይዘው ወጡ። ከዚያ ፊሽካ ተነፋ፤ ሁሉም ከመንገድ ወጥቶ ዳገቱን ተያያዘው። ጠባቂዎቹ ጥቂት ነበሩ። ግርግር ተፈጠረ፣ ዱላ ተማዘዙ፣ አንድ ጠባቂ ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ። እግረኞቹ አምባው አፋፍ ላይ ከሌላ አቅጣጫ ከመጡት የሼፊልድ ሰዎች ጋር ተገናኝተው ተመለሱ። ጫፉን ግን አልረገጡትም። መንደሩ ሲደርሱ ፖሊስ እየጠበቃቸው ነበር፤ ስድስት ወጣቶች ተያዙ።

ክሱ ምን ነበር? ሰው መሬት መግባት ሊሆን አይችልም፤ ወንጀል አይደለማ። ሁከት ማስነሳትና ድብደባ ተባለ። ጉዳዩን የመረመሩት የጁሪ አባላት (ዳኛ ሳይሆኑ ከሕዝብ ተመርጠው ክስ የሚመረምሩ ሰዎች) በአብዛኛው ከጦር መኮንኖችና ከገጠር ባላባቶች የተውጣጡ ነበሩ። አምስቱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ተፈረደባቸው። ቤኒ አራት ወር ገባ።

በእኔ ግምት ኪንደርን ያስጠራው መውጣቱ ሳይሆን ፍርዱ ነው። ከዚያ በፊትም ሰዎች ተደብቀው ይወጡ ነበር፤ ማን ጻፈላቸው? ልጆቹ ሲታሰሩ ግን "በእግሩ ስለሄደ ሰው ይታሰራል?" የሚል ቁጣ ተነሣ። ነባሮቹ የእግረኛ ማኅበራት መጀመሪያ ላይ ዘመቻውን አልወደዱትም ነበር። ባለመሬቶቹን በልመናና በፓርላማ እናግባባለን እያሉ፣ እነዚህ ጎረምሶች ነገሩን አበላሹብን ነው ያሉት። በፓርላማ በኩል ያለው መንገድም ቢሆን ያን ያህል የሚያኮራ አልነበረም። የመጀመሪያው ረቂቅ የቀረበው በ1884 ነው። በ1939 አንድ ሕግ ጸደቀ፤ ግን ሲወጣና ሲወርድ ተበርዞ፣ ጭራሽ በአንዳንድ ቦታ መግባትን ወንጀል የሚያደርግ ሆኖ አረፈው። እግረኞቹ ጠሉት፤ ጦርነቱም መጣና ሳይሠራበት ቀረ።

ከጦርነቱ በኋላ በ1949 የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ወጣ። በ1951 የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሲሰየም ዕጣው የወጣው ለኪንደር አካባቢ ነው፤ ፒክ ዲስትሪክት ይባላል። በ1982 ኪንደርን ናሽናል ትረስት የሚባለው የቅርስና የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ገዛው። እውነተኛው ራይት ቱ ሮም ግን በሕግ የተጻፈው በ2000 ነው። በ2002፣ በ70ኛ ዓመቱ፣ የያኔው ባለመሬት የልጅ ልጅ የዴቨንሽር ዱክ እዚያው ሄይፊልድ መጥተው በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ።

የ2000ው ሕግ የሚሠራው በተራራ፣ በሄዘር ምድር፣ በክፍት የሣር ኮረብታና በተመዘገበ የጋራ መሬት ላይ ነው። ከእንግሊዝ መሬት 8 በመቶ ገደማ ማለት ነው። በእግር ብቻ። ብስክሌት የለም፣ ፈረስ የለም፣ ድንኳን የለም፣ እሳት የለም። ከማርች 1 እስከ ጁላይ 31 ውሻ በአጭር ገመድ መታሰር አለበት፤ ወፎች የሚፈለፍሉበት ጊዜ ነው። ባለመሬቱም በዓመት እስከ 28 ቀን መዝጋት ይችላል። ስኮትላንድ በ2003 ያወጣችው ሕግ ከዚህ በጣም ይሰፋል፤ በሥነ ሥርዓት እስከሆነ ድረስ በአብዛኛው መሬትና ውኃ ላይ መንሸራሸር፣ ድንኳን መትከል፣ ብስክሌት መንዳት ይፈቀዳል።

ማንቸስተር ወይም ሼፊልድ የምትኖሩ ሰዎች ኪንደርን ለማየት መኪና አያስፈልጋችሁም። በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚሄደው ባቡር ኢዴል ላይ ይቆማል፤ ከጣቢያው በእግር ይወጣል። ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚባለው የአገሪቱ የካርታ ድርጅት በሚያወጣው የእግረኛ ካርታ ላይ ቢጫ የተቀባው መሬት እንደልብ የሚኬድበት ነው። ጉም ድንገት ስለሚወርድ ካርታና ኮምፓስ ያዙ፤ ስልክ አትመኑ።

ጭቅጭቁ ግን ዛሬም አልቆመም። ዳርትሙር በሚባለው የደቡብ ምዕራብ ከፍታ ላይ ያሉ ባለመሬቶች "መሄድ እንጂ ማደር አልተፈቀደም" ብለው ድንኳን ተካዮቹን ለማስከልከል ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2023 መጀመሪያ ላይ ተፈረደላቸው፤ በዚያው ዓመት በይግባኝ ተሻረባቸው። በሜይ 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በዚያ ቦታ ባለው የ1985 ሕግ መሠረት፣ ድንኳን መትከል ይቻላል ሲል በአንድ ድምፅ ወሰነ።