የሬዲዮ ሞገድ ጣልቃ ገብነት ምንድን ነው? የሕክምና መሣሪያስ ከእሱ እንዴት ይጠበቃል?

ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚሄድ ሚኒባስ ሬዲዮው ተከፍቶ ሳለ ስፒከሩ ድንገት «ጥርር ጥርር» ይላል። ወዲያው የአንድ ተሳፋሪ ስልክ ይጮኻል። ስፒከሩን የነካው ሰው የለም። ስልኩ ከኔትወርክ ማማው ጋር ለመገናኘት የላከው ሞገድ በስፒከሩ ሽቦ ገብቶ ነው ድምፅ የሆነው። ቱጂ የምንለው ኔትወርክ ሞገዱን በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል እየቆራረጠ ስለሚልክ ምቱ ለጆሯችን ይሰማል።

በሚኒባስ ውስጥ የሚበላሸው ዘፈኑ ብቻ ነው። ያው ሞገድ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ባለ የልብ ሞኒተር ሽቦ ሲገባ ግን ሌላ ነገር ነው።

የሬዲዮ ሞገድ ጣልቃ ገብነት ማለት ይኸው ነው፤ ከአንድ ዕቃ የወጣ የሬዲዮ ሞገድ ሌላ ዕቃ ውስጥ ሳይፈለግ ገብቶ ሥራውን ሲያዛባ። ምንጩ ስልክ፣ ዋይፋይ፣ የጥበቃ ዎኪቶኪ ወይም የኤፍኤም ማሰራጫ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ምንጩ እዚያው ያለ ሌላ የሕክምና መሣሪያ ነው። ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ለመቁረጥና ደም ለማቆም የሚያገለግለው ካውተሪ ሲበራ የሞኒተሩ መስመር ሲረበሽ የሰመመን ባለሙያዎች በደንብ ያውቁታል።

የሕክምና መሣሪያ ለዚህ የተጋለጠበት ምክንያት አለው። የልብ ኤሌክትሪክ ቆዳ ላይ ሲደርስ 1 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣው 220 ቮልት ከዚህ በ200,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ሞኒተሩ ያችን ትንሽ ምልክት ለማየት በጣም ማጉላት አለበት። ሲያጎላ ደግሞ አብሯት የገባውንም ያጎላል። ከበሽተኛው ደረት እስከ መሣሪያው የተዘረጋው የኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ሽቦም ራሱ ችግር ነው። ለኤፍኤም ሞገድ ጥሩ አንቴና የሚሆነው 75 ሳንቲሜትር አካባቢ የሆነ ሽቦ ነው። የኢሲጂ ሽቦ ርዝመት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ማንም አንቴና ይሁን ብሎ አልሠራውም፤ ግን ይሆናል።

የስልክ ሞገድ በሰከንድ ከ900 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የሚርገበገብ ስለሆነ ቀርፋፋውን የልብ ምልክት እንዴት ይረብሻል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። መልሱ ያለው መሣሪያው ውስጥ ምልክት በሚያጎሉት ጥቃቅን ክፍሎች፣ በትራንዚስተሮቹ ነው። ፈጣኑ ሞገድ ሲደርሳቸው የሞገዱን መነሣትና መውደቅ ወደ ቀርፋፋ ምልክት ይለውጡታል። ይህ የውሸት ምልክት ከእውነተኛው ጋር ይቀላቀላል። ሞኒተሩ በሽተኛው ደህና ሳለ ሊጮህ ይችላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ መጮህ ሲገባው ዝም ማለቱ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ያለ ስጋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1998 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የዲጂታል ስርጭት ሙከራ ሲጀምር፣ በከተማው ያለው የቤይለር ሆስፒታል ገመድ አልባ የልብ ሞኒተሮች ሥራቸው ተቋረጠ። ሁለቱም የሚጠቀሙት በአንድ የሞገድ መስመር ነበር። ጣቢያው ሲነገረው ስርጭቱን አቆመ። እ.ኤ.አ. በ2000 የአገሪቱ የመገናኛ ኮሚሽን ለዚህ ዓይነት የሕክምና መሣሪያ የራሱ የሞገድ መስመር ለየለት። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ አምስተርዳም ውስጥ ተመራማሪዎች ዕቃ ለመቆጣጠር የሚያገለግሉ የሬዲዮ መለያ አንባቢዎችን የጽኑ ሕሙማን መሣሪያዎች አጠገብ ሞከሩ። በሽተኛ አልተያያዘባቸውም። ከ123 ሙከራዎች በ34ቱ መሣሪያዎቹ ተረበሹ። 22ቱን ለበሽተኛ አደገኛ ብለው መደቧቸው። የቆመ ሲሪንጅ ፓምፕ (መድኃኒት በልክ የሚሰጥ መሣሪያ) ነበር፤ ጨርሶ የጠፋ ቬንትሌተርም (መተንፈሻ መሣሪያ) ነበር።

ታዲያ መከላከያው ምንድን ነው? ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ የሚሠራው ርቀት ነው። አንድ የቱጂ ስልክ በሙሉ ኃይሉ ሲያሰራጭ 2 ዋት ይደርሳል። ከ30 ሳንቲሜትር ላይ የሞገዱ ጉልበት 26 ቮልት በሜትር አካባቢ ነው። 1 ሜትር ላይ ወደ 8 ይወርዳል። 3 ሜትር ላይ ከ3 በታች ይሆናል። ይህ ቁጥር ትርጉም አለው። አይኢሲ 60601-1-2 የሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ መሣሪያ 3 ቮልት በሜትር፣ ቤት ውስጥ የሚሠራ ደግሞ 10 ቮልት በሜትር እንዲቋቋም ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አራተኛ እትም ስልክና ዎኪቶኪ እስከ 30 ሳንቲሜትር ቢጠጉ እንኳ መቋቋም አለበት የሚል ፈተና ጨምሯል። ከዚያ በፊት የተሠሩ መሣሪያዎች ግን ይህን ፈተና አላዩም። እኛ ዘንድ ደግሞ መሣሪያ ቶሎ አይጣልም፤ መሥራት እስኪያቆም ድረስ ይሠራበታል።

ዎኪቶኪ ከስልክ ይብሳል። ባለ 5 ዋቱ 1 ሜትር ላይ 12 ቮልት በሜትር ያህል ይደርሳል። የጥበቃ ሠራተኞች ይህ ቢነገራቸው ጥሩ ነው፤ በሽተኛ ክፍል ገብተው ቁልፉን ከመጫን ኮሪደር ላይ ወጥተው ቢናገሩ ይሻላል።

«ስልክ ክልክል ነው» የሚለው ማስታወቂያ ብቻውን ብዙም አይረዳም ብዬ አምናለሁ። ከመተማ ወይም ከደባርቅ በሽተኛ ይዞ ጎንደር የመጣ አስታማሚ ከቤተሰቡ ጋር የሚገናኘው በዚያው ስልክ ነው። ገንዘብ የሚላክለትም በእሱ ነው። ክልክል ነው ስለተባለ አይተወውም፤ ደብቆ ያወራል። ከዚያ ይልቅ «ከመሣሪያው ራቅ ብላችሁ አውሩ» ብሎ ምክንያቱን ማስረዳት ይሻላል። ሌላም ነገር አለ። ስልክ ጥሩ ኔትወርክ ሲያገኝ ኃይሉን ይቀንሳል። ኔትወርክ ሲጠፋበት ግን ማማው ጋ ለመድረስ ኃይሉን እስከ ጫፍ ያወጣል። ስለዚህ ወፍራም ግድግዳ ባለበት፣ ኔትወርክ በማይገባበት ክፍል ያለ ስልክ የበለጠ ይረብሻል። ክፍሉ ውስጥ ጥሩ ኔትወርክ ማስገባት መሣሪያውን መጠበቅም ነው።

ሁለተኛው መከላከያ የብረት ሽፋን ነው። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1836 ዙሪያውን በብረት የተሸፈነ ክፍል ውስጥ የውጭ ኤሌክትሪክ እንደማይገባ አሳየ። የኤምአርአይ (በማግኔት የሰውነትን ውስጥ ምስል የሚያነሣ መሣሪያ) ክፍል ግድግዳ በመዳብ የሚለበጠው በዚሁ ሐሳብ ነው። የማግኔቱ ኃይል 1.5 ቴስላ የሆነው ኤምአርአይ የሚያዳምጠው 64 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ያለ በጣም ደካማ ምልክት ነው። ምስል በሚነሣበት ጊዜ በሩ በደንብ ካልተዘጋ የውጭው ሞገድ ገብቶ ምስሉ ላይ መስመር ይሠራል።

ትንንሾቹ መሣሪያዎችም ውስጣቸው እንዲህ ያለ ሽፋን አላቸው። አንዳንዱ ስስ ቆርቆሮ ነው፤ አንዳንዱ ፕላስቲኩ ላይ የተቀባ ብረት ነው። ሽቦዎቹም ዙሪያቸውን በጥልፍ ብረት የተሸፈኑ ናቸው። እዚህ ላይ ልቤን የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ ሙሉ መከላከያ ይዞ ይወጣል። መከላከያው የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ጥገና ላይ ስድስት ብሎን ይፈታል፤ ሲገጠም አራቱ ይመለሳሉ። መሣሪያው ይበራል፣ ይሠራል፣ ተጠገነ ይባላል። በሁለቱ ብሎኖች ቦታ ግን ሽፋኑ ላይ ቀጭን ክፍተት ቀርቷል። የ900 ሜጋኸርትዝ ሞገድ ርዝመቱ 33 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ጥቂት ሳንቲሜትር የሚረዝም ስንጥቅ ይበቃዋል። ስንጥቁ ጠባብ ስለሆነ አያስገባም ማለት አይደለም። ወሳኙ ርዝመቱ ነው። ኦሪጅናሉ ሽቦ ሲበጠስ በርካሽ ሽቦ መተካትም እንዲሁ ነው። ውጫዊ መልኩ አንድ ነው፤ ውስጡ ጥልፍ ብረቱ የለም።

የሶኬቱ ነገርም አለ። መሣሪያው የመብራት መግቢያ ላይ ረብሻ የሚያጣራ ፊልተር አለ። ፊልተሩ ረብሻውን የሚያወርደው ወደ መሬት በሚወስደው የአርዝ ሽቦ በኩል ነው። ሶኬቱ አልገባ ሲል ሦስተኛው እግር ከተቆረጠ፣ ወይም አርዝ በሌለው ማከፋፈያ ከተሰካ፣ ረብሻው መውረጃ ያጣል። ሰው በኤሌክትሪክ እንዲያዝም ሊያደርግ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከሞገዱ የባሰ አደጋ ነው። በዚያው ማከፋፈያ ላይ የአስታማሚው ርካሽ ቻርጀር ሲጨመር ቻርጀሩ ራሱ ረብሻ ይጨምራል። የስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ቦታ ከአልጋው ራቅ ብሎ ቢዘጋጅ ሁሉም ይጠቀማል።

ከአሜሪካ በእርዳታ የመጣ የኢሲጂ ማሽን ካለ አንድ ነገር ማየት ይገባል። የእነሱ መብራት 60 ኸርትዝ ነው፤ የእኛ 50። የማሽኑ ፊልተር 60 ላይ እንደተተወ ከሆነ የእኛን መብራት ጩኸት አያጠራም፤ ወረቀቱ ላይ ጥቅጥቅ ያለ መስመር ይወጣል። ይህ የሬዲዮ ሞገድ አይደለም፤ ግን ብዙ ጊዜ ይምታታል። መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ሜኑ ውስጥ ገብቶ 50 መምረጥ ነው።

ፔስሜከር (ሰውነት ውስጥ የሚቀበር የልብ ምት ማስተካከያ) ያለው ዘመድ ካላችሁ ስልኩን በደረት ኪሱ አይያዝ። ከፔስሜከሩ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ይራቅ፤ ሲያወራም በሌላኛው ጎን ባለው ጆሮው ይሁን።

ሞኒተር ላይ ያልተለመደ መስመር ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚታየው በሽተኛው ነው። ነርሷ እጁን ይዛ የልብ ምቱን ትቆጥራለች፤ ረብሻ ነው ብሎ ማለፍ የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው። በሽተኛው ደህና ከሆነ ሰዓቱ ይጻፍ፤ በዙሪያው ምን እንደበራ፣ ማን ስልክ እንዳወራም ይጻፍ። የሕክምና መሣሪያ የሚጠግነው የባዮሜዲካል ባለሙያ በሚመጣበት ጊዜ ረብሻው ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ይቆያል። ሰዓቱ ተመዝግቦ ከተገኘ ግን ከጥበቃ ፈረቃ ቅያሪ ወይም ጎረቤት ክፍል ካውተሪ ከበራበት ሰዓት ጋር ያስተያየዋል።