የዙፋን ችሎት ምንድን ነው?

የዙፋን ችሎት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተሰይመው ፍርድ የሚሰጡበት የመጨረሻው የአቤቱታ ቦታ ነበር። ብዙ ሰው ከጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት ጋር ያምታታዋል። በ1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በእርከን ሲያዋቅር የጠቅላዩን ሰብሳቢነት ለአፈ ንጉሡ ሰጠ፤ ዙፋን ችሎት ግን ከእርከኑ ሁሉ በላይ ነበር።

ነገሩ የሚገባው «አፈ ንጉሥ» የሚለውን ማዕረግ ልብ ብሎ ላየ ሰው ነው፤ የንጉሥ አፍ ማለት ነው። ዳኛ የሚፈርደው በራሱ ሥልጣን ሳይሆን ከንጉሡ በተዋሰው ነው፤ የተዋሰውን ደግሞ ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ መልሶ ይወስደዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትር ያደረጉት አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎን ነው፤ አንድ ሰው ዳኛም፣ ሹምም፣ የንጉሥ ቃል አቀባይም ሆነ።

በችሎቱ ተከራካሪዎች ከተሰሙ በኋላ አስተያየት የሚሰጠው ከታናሹ ተጀምሮ ነው። ታላቁ ቀድሞ ከተናገረ ታናሹ ማን ደፍሮ ይቃወመዋል? ሕጉ ሲያከራክር የፍትሐ ነገሥት ሊቃውንት ይጠየቃሉ። ንጉሡ መጨረሻ ላይ ይፈርዳሉ፤ የቀደመው ሐሳብ ግን አያስራቸውም።

ለተበደለ ሰው ጥቅሙ ቀላል አልነበረም። የጠቅላይ ግዛቱ አገረ ገዥ የዚያው ፍርድ ቤት ሰብሳቢም ስለነበር፣ በገዥው የተበደለ ገበሬ «አቤት!» የሚለው ወደ ዙፋኑ ነበር፤ ያውም አዲስ አበባ ድረስ የሚያመጣውና የሚያሰነብተው ስንቅ ካለው። በንጉሡ ላይ ግን አቤት የሚባልበት የለም፦ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»።

ጉዳቱ የፍርድ መቋጫ ማጣት ነው። መሬት ተከራክሮ የረታ ሰው ውሳኔውን ይዞም አያርፍም፤ ተረቺው ዙፋን ችሎት ሊገባ ይችላል፣ ንጉሡም በርትዕ፣ ማለትም በሕሊና ፍትሕ፣ ስም ከሕጉ ፊደል ወጣ ብለው ሊፈርዱ ይችላሉ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ዳኞች ከሕግ በቀር ለሌላ ሥልጣን አይገዙም አለ፤ ሹመታቸውን ግን በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተወው፣ ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት የማለት መብትንም አጸና። በአንድ ሰነድ ውስጥ ሁለት የበላይ ማለት ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ለዙፋን ችሎት ቦታ ሰጥቶት ነበር።

ችሎቱ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ አበቃ። የመጨረሻ ፍርድን ዳግም የሚያየውን የዛሬውን የሰበር ችሎት «የዙፋን ችሎት ምትክ» የሚሉ አሉ፤ ንጽጽሩ ግማሽ እውነት ነው። ሰበር የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ብቻ ነው፤ የፌዴራሉ ሰበር የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከ1997ቱ አዋጅ ወዲህ የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ስለዚህ ማመልከቻው «ተበድያለሁ» ከማለት አልፎ የትኛው ሕግ እንዴት በስህተት እንደተተረጎመ ካላሳየ፣ ሦስት ዳኞች የሚሰየሙበትን አጣሪ ችሎት እንኳ አያልፍም።