«ሰማይ አይታረስ» ያለው ሰው አውድማ ላይ ነበር

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ጀምረናል። ከፊቴ የተማሪ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ከአባቷ ጋር ተቀምጣለች። አምስተኛ ወይ ስድስተኛ ክፍል ብትሆን ነው። መጽሐፏን ጭኗ ላይ ዘርግታ «አባዬ፣ አስትሮይድ የሚባለው የሰማይ ድንጋይ ደሴ ላይ ቢወድቅስ?» አለችው። አባትየው ስልኩን እየነካካ «ተይ እንጂ እሙዬ፤ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ!» አላት። ከኋላ ያሉት ሳቁ። ረዳቱም «ወላሂ እውነቱን ነው» ብሎ ደገፈው። ልጅቷ መጽሐፏን ዘጋች።

እኔም ዝም አልኩ። መልሱ የመጣልኝ ፒያሳ ወርጄ ማኪያቶ ካዘዝኩ በኋላ ነው።

አባትየው ተረቱን የተጠቀመው «የማይመለከትሽን አትጠይቂ» ለማለት ነው። ተረቱ ግን ልጅ ዝም ለማሰኘት አልተፈጠረም። ተበድሎ አቤት የሚልበት ያጣ ሰው ምሬት ነው። ቃሉን ልብ በሉት። ቤተ መንግሥት ውስጥ ንጉሥ ለማሞገስ የተቀመጠ ሰው ቢሆን ኖሮ ቤት የሚመታለት ቃል አያጣም ነበር። «ሰማይ አይዳሰስ» ቢል ያምርለታል። «ሰማይ አይደረስ» ቢልም ይሄድለታል። ሰማይን ሽቅብ አይቶ ማረሻ ትዝ የሚለው ግን ገበሬ ብቻ ነው።

እንዲያውም የት ሆኖ እንዳለው ጭምር የማውቅ ይመስለኛል። አውድማ ላይ፣ በሌሊት፣ ታኅሣሥ ውስጥ። ማስረጃ አምጣ የሚለኝ ካለ የለኝም። ያለኝ የልጅነት ትዝታ ነው።

የአያቴ አገር አምባሰል ነው። አባባ ጤፍ ከመውቃታቸው በፊት አውድማው ተጠርጎ በእበት ይለቀለቃል። ፀሐይ ሲመታው እንደ ምጣድ ይጠነክራል፤ በባዶ እግር ስንሮጥበት ድም ድም ይላል። ነዶው ይበተንና በሬዎቹ እየዞሩ ይረግጡታል። ቦራው ሁልጊዜ ከውስጥ በኩል፣ ዳለቻው ከውጭ። ከዚያ በኋላ ሥራው የነፋስ ነው። ነፋስ ከመጣ ምርቱ በላይዳ ወደ ላይ ይበተናል፤ ገለባው ይነዳል፣ ፍሬው እግር ሥር ይወርዳል። ነፋስ ካልመጣ ግን ምርቱ እዚያው ያድራል። ምርት ካደረ ደግሞ ሰው አብሮት ያድራል።

እኔ ከአባባ ጋር አድር ነበር። ገለባው ውስጥ ተቀብረን፣ አንድ ባና ለሁለት ለብሰን። ውርጩ አፍንጫ ይቆርጣል። ገለባው አንገት ሥር ገብቶ ይበላል። በማግስቱ እናቴ ከጸጉሬ ውስጥ ስትለቅም ትውላለች። ከሩቅ ጅብ ይጮሃል፣ በሬዎቹ ያመሰኳሉ፣ አባባ አይተኙም። ጀርባቸውን ለምርቱ ሰጥተው ሽቅብ ያያሉ።

በድሮው ሥርዓት ከዚያ ክምር ላይ አሥራት ይወጣ ነበር፤ ከአሥር አንዱ ማለት ነው። አራሹ ጭሰኛ ከሆነ የባለመሬቱ እርቦ ወይም ሲሶ አለበት። እንግዲህ አስቡት። አንድ ገበሬ የዓመት ድካሙ አጠገቡ ተከምሮ ገማቹን ይጠብቃል። ገማቹ የፈለገውን ቢገምትበት ማን ላይ ይከሳል? ሌሊቱን ሙሉ ሽቅብ ቢያይ ደግሞ የሚያየው ያንን ነው።

ያንን ስል ነጩን መንገድ ነው። ደሴ መብራት መሃል ላደገ ልጅ ይህን ማስረዳት ይከብዳል። አምባሰል ላይ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት ከሰማይ ጫፍ እስከ ጫፍ የፈሰሰ ወተት የመሰለ ነገር ይታያል። ስሙም ፍኖተ ሐሊብ ነው፤ በግዕዝ የወተት መንገድ። ማታ ማታ በምዕራብ በኩል ያለውን ክፍሉን ካያችሁ መሃሉ ላይ በጥቁር መስመር ለሁለት ተከፍሏል። ጥቁሩ ከኋላው ያሉትን ከዋክብት የጋረደ የጠፈር አቧራ ነው። ለገበሬ ዓይን ግን ቁርጥ ትልም! ማረሻ የሄደበት፣ አፈሩ ግራና ቀኝ የተገለበጠ። ማንም ያላረሰው፣ ማንም አሥራት ያልጠየቀበት ትልም። ሰውየው ያንን አይቶ ነው «ሰማይ አይታረስ» ያለው ብዬ አምናለሁ። ንጉሡን ያስከተለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሊናገር የፈለገው ግን እሱን ነበር።

ለልጅቷ ግን ልነግራት የሚገባኝ ሌላ ነበር። ያ ነጭ ነገር ወተትም ትልምም አይደለም። እኛ ያለንበት ጋላክሲ፣ ማለትም ግዙፍ የከዋክብት ስብስብ ነው፤ ከውስጥ ሆነን ጎኑን ስናየው። አንዳንድ የአማርኛ ጽሑፎች ጋላክሲን «ረጨት» ይሉታል። እኔ ቃሉን እወደዋለሁ። ዘሪ ከእጁ የረጨው ዘር ይመስላል። የእኛ ረጨት ከዳር እስከ ዳር ለመሻገር ብርሃን 100 ሺህ ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ፀሐያችን ከመሃሉ ብርሃን በ26 ሺህ ዓመት የሚጓዘውን ያህል ርቃ ትገኛለች። ከዋክብቱ በትንሹ 100 ቢሊዮን ይሆናሉ።

100 ቢሊዮን ሲባል ልጅ ቀርቶ እኔም አይገባኝም። ስለዚህ በጤፍ ልሞክረው። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ የግራም ሲሶ ቢመዝን ነው። በዚህ ስሌት 100 ቢሊዮን ፍሬ ከ300 ኩንታል ያልፋል። አባባ ደህና ዓመት ሲሆን ስምንት ኩንታል ያገቡ ነበር። የእኛን ረጨት ለመሙላት የአባባ አውድማ አርባ ዓመት ገደማ ሊወቃበት ነው፤ ያውም እየበላንለት አይደለም!

ከእኛ ሌላም ረጨት አለ። በታኅሣሥ ምሽት ወደ ሰሜን ከፍ አድርገው የሚያዩ ሰዎች አንዲት ትንሽ የጭስ ጠብታ ያገኛሉ። አንድሮሜዳ ትባላለች። ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ይጓዛል። በድሮው ወሎ ክፍለ ሀገር ሐዳር ላይ የተገኘችው ሉሲ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ቅሪተ አካል ናት። ዛሬ የምናየው የአንድሮሜዳ ብርሃን መንገድ ሲጀምር ሉሲ ከሞተች ቆይታ ነበር።

ወደ አስትሮይዱ ልምጣ፤ ጥያቄዋ እሱ ነበርና። አስትሮይድ በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር የድንጋይ ወይም የብረት ስብርባሪ ነው፤ ፕላኔት ለመሆን ያልበቃ። አብዛኛው በማርስና በጁፒተር መካከል ይገኛል። መጀመሪያ የታየው በፈረንጆቹ 1801 ሲሆን፣ ያገኘው ጣሊያናዊ ፒያዚ ይባላል። ስሙን ሴሬስ አለው። ሴሬስ በሮማውያን ዘንድ የእህልና የአዝመራ አምላክ ናት። ሰማይ አይታረስ ስንል እነሱ አስቀድመው የአዝመራ ስም ሰጥተውታል።

አባባ አውድማው ላይ ተወርዋሪ ኮከብ ባዩ ቁጥር «የአንዱ ኮከቡ ወረደ» ይሉና ያማትቡ ነበር። አንዳንድ ሌሊት ማማተቡ ራሱ አድካሚ ይሆንባቸዋል፤ በላይ በላዩ ነው የሚወርደው። ለምን በአውድማ ወቅት እንደሚበዛ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። በየዓመቱ ታኅሣሥ 4 ለ5 አጥቢያ ገደማ ምድር ፋኤቶን የሚባል አስትሮይድ ትቶት የሄደውን ብናኝ ታቋርጣለች። ተወርዋሪ ኮከብ ኮከብ አይደለም። ከአሸዋ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ብናኝ አየራችን ውስጥ ገብቶ ሲቃጠል ነው። አብዛኛው የተወርዋሪ ኮከብ ዝናብ የሚመጣው ከጅራታም ኮከብ ነው። የታኅሣሡ ግን የአስትሮይድ ልጅ ነው። አባባ ያማተቡት ለድንጋይ ትቢያ ነበር።

ጅራታም ኮከብ ካነሳን፣ የደሴን ሰው ስለ ሰማይ አትጠይቅ ማለት ነውር ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በፈረንጆቹ 1882 እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው፣ ተደንቀው፣ ቦታውን «ደሴ» አሉት ይባላል፤ ደስታዬ እንደማለት። በዚያ ዓመት የታየው ጅራታም ኮከብ በጠራራ ፀሐይ ጭምር የሚታይ ነበር። ከተማዋ ሽቅብ በማየት የተቆረቆረች ናት። ነዋሪዋ ሚኒባስ ውስጥ ልጁን ሽቅብ አትዪ ይላል።

ደግሞም ሰማይ ታርሷል። ጥቅምት 10 ቀን 2013 ዓ.ም. አንዲት የአሜሪካ መንኮራኩር ቤኑ የሚባል አስትሮይድ ላይ ክንዷን አሳርፋ አፈር ዘገነች። ላዩ ደረቅ ይመስላል እንጂ ልል ነበር፤ ክንዱ እንደ ማረሻ ሰመጠ። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ምርቱ ምድር ደረሰ፤ 121.6 ግራም። አሥራት የወጣበት አይመስለኝም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2015 ዓ.ም. የደመራ ሌሊት፣ እኛ ችቦ አጥፍተን ስንተኛ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ግድም ሌላ መንኮራኩር 160 ሜትር የሚሆን አስትሮይድ ሆን ብላ ገጨች። ድንጋዩ ትልቁን ጓደኛውን ዞሮ ለመጨረስ ይፈጅበት ከነበረው 11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ተቀነሰ። አንድ ቀን ወደ እኛ የሚመጣ ቢገኝ መንገድ ማስቀየር ይቻላል ወይ ብለው ነው የሞከሩት። የልጅቷ ጥያቄ ማለት ይኸው ነው። ትልልቅ ሰዎች ደመወዝ ተከፍሏቸው የሚጠይቁት።

ሌላው የሚያናድደኝ ተረቱን ገምሶ መጠቀም ነው። ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ፋይሌ ጠፍቶ አራተኛ ጊዜ ስመላለስ፣ ሰውየው ወንበሩን ወደኋላ ለጠጥ አድርጎ «ወንድሜ፣ ሰማይ አይታረስ» አለኝ። ሁለተኛውን ግማሽ ዋጠው። ሰማይ እረስልኝ አላልኩትም እኮ! ከጀርባው ያለውን መደርደሪያ እንዲያይልኝ ነው የለመንኩት። ምሬቱን የወለደው ገበሬ ቢሰማ፣ ገማቹ ራሱ ተረቱን ቀምቶ መልሶ እንደተረተበት ያህል ነው።

አባትየው ይህን ካነበበ፦ አፖፊስ የሚባል ከ300 ሜትር በላይ የሆነ አስትሮይድ አለ። ሚያዝያ 5 ለ6 ቀን 2021 ዓ.ም. ሌሊት በአጠገባችን ያልፋል። አይነካንም፤ ተሰልቷል። ግን የቤትህ ዲሽ ከሚቀበላቸው ሳተላይቶች ቀርቦ ነው የሚያልፈው፤ ከአፍሪካ ያለ መሣሪያ በዓይን ይታያል። ልጅህ ያን ጊዜ አድጋለች፤ አንተም ይቅርታ ለመጠየቅ ጊዜ አለህ። ባና ይዘህ ከመብራት ራቅ ወዳለ ቦታ ውሰዳት። ብቻ ደሴ ጉሟን እንዳታለብስብን።