ስለ ሮማኒያው የእግር ኳስ ክለብ ስቴዋ ቡካሬስት በስህተት የሚነገሩ ነገሮች እና እውነታው

(ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ከምሥራቅ አውሮፓ የሻምፒዮኖችን ዋንጫ መጀመሪያ ያነሳው ሬድ ስታር ቤልግሬድ ነው።»
ሬድ ስታር ዋንጫውን ያነሳው በ1991 ነው። ስቴዋ 5 ዓመት ቀድሞታል፤ ሜይ 7 ቀን 1986 ሴቪያ ላይ ባርሴሎናን በመለያ ምት ረታ።

«የዚያ ቡድን ኮከብ ሃጂ ነበር።»
ሃጂ ያኔ የስፖርቱል ስቱደንቼስክ ተጫዋች ነበር። ወደ ስቴዋ የመጣው በ1987 መጀመሪያ ለአውሮፓ ሱፐር ካፕ ሲሆን፣ ዲናሞ ኪየቭ 1 ለ 0 የተሸነፈበትን ግብም ያስቆጠረው እሱ ነው። ሴቪያ ላይ አምበሉ ሽቴፋን ዮቫን ነበር፤ ዋናው አምበል ቱዶሬል ስቶይካ በቅጣት አልተሰለፈም።

«ባርሴሎና ምቶቹን አባክኖ ነው የተሸነፈው።»
ይህ ለግብ ጠባቂው ሄልሙት ዱካዳም ትልቅ በደል ነው። 120 ደቂቃው 0 ለ 0 አለቀ። ከዚያ የስቴዋውን የማዣሩን ምት የባርሴሎናው ግብ ጠባቂ ኡሩቲ መለሰ፤ የባርሴሎናውን የአሌክሳንኮን ዱካዳም። የቦሎኒን ኡሩቲ፤ የፔድራዛን ዱካዳም። ላካቱሽ አገባ፤ የፒቺ አሎንሶ ተመለሰ። ባሊንት አገባ፤ የማርኮስም ተመለሰ። ዱካዳም ሦስቱን ወደ ቀኙ ተወርውሮ ካዳነ በኋላ አራተኛውን በግራ ጠበቀው። ከባርሴሎና አራት ምቶች አንዱም ወደ ውጭ አልወጣም፤ ሁሉም በእጁ የተመለሱ ናቸው። ውጤቱ 2 ለ 0።

«የዱካዳምን እጅ የሮማኒያው አምባገነን የቻውሼስኩ ሰዎች ሰበሩት።»
ወሬው ዛሬም አልሞተም። ከሜዳ ያራቀው ግን በክንዱ የደም ሥር የገጠመው የደም መርጋት ነው፤ የተባለውንም ራሱ አስተባብሏል።

«ስቴዋ የደህንነቱ ቡድን ነበር።»
የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴርና የደህንነቱ ቡድን ዲናሞ ቡካሬስት ነበር። ስቴዋን በ1947 ያቋቋመው ጦር ሠራዊቱ ነው። ሆኖም የሥልጣን ጥላ አልነበረበትም ማለት አይቻልም፤ የአምባገነኑ ልጅ ቫለንቲን ቻውሼስኩ ለክለቡ ቅርብ ነበር። በ1988 የሮማኒያ ዋንጫ ፍጻሜ ከዲናሞ ጋር 1 ለ 1 ሆነው ሳለ፣ መጨረሻ ላይ የባሊንት ግብ ከጨዋታ ውጪ ተብላ ስትሻር ስቴዋ ሜዳውን ጥሎ ወጣ። ዋንጫው ግን በኋላ ለስቴዋ ተሰጠ።

«ኤፍሲኤስቢ ማለት ስሙን የቀየረው ስቴዋ ነው፤ ሌላ ስቴዋ የለም።»
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እግር ኳሱ በ1998 ከሠራዊቱ ክለብ ተለይቶ ወጣ፤ በ2003 ባለሀብቱ ጂጂ ቤካሊ ያዘው። ሠራዊቱ «ስሙም አርማውም የእኔ ነው» ብሎ ከሰሰ፤ በ2014 መጨረሻም ፍርድ ቤት ፈረደለት። በዚያው ዲሴምበር የቤካሊ ቡድን ያለ ስምና ያለ አርማ ሜዳ ገባ። ውጤት ማሳያው ሰሌዳ ላይ በስሙ ፋንታ «የሮማኒያ ሻምፒዮን» ተብሎ ተጻፈ። በ2017 ስሙ ኤፍሲኤስቢ ሆነ። ሠራዊቱ ደግሞ በዚያው ዓመት የራሱን ስቴዋ ከአራተኛው ሊግ እንደገና ጀመረ፤ ቡድኑ በ2021 ወደ ሁለተኛው ሊግ አደገ።

የ1986ቱን ዋንጫ ዩኤፋ በኤፍሲኤስቢ ስም መዝግቦታል፤ ሠራዊቱ ደግሞ የእኔ ነው ይላል። በ2021 የተከፈተው የጌንቻ ስታዲየም የሠራዊቱ ነው። በ2024 እና በ2025 የሮማኒያን ሊግ ያሸነፈው ግን ኤፍሲኤስቢ ነው፤ የአውሮፓ ውድድሮችን ውጤት የምትፈልጉ በዚህ ስም ፈልጉ።