ጨረቃ የማትወጣበት ቀን አለ?
የጨረቃ መውጫና መግቢያ ሰዓት የሚያሳይ ሰንጠረዥ ላይ አንዱ ቀን ባዶ ሆኖ ብታገኙ ስህተት አይምሰላችሁ። ጨረቃ ምድርን ስለምትዞር በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው የምትወጣው። ሙሉ ስትሆን ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ምሽት 12 ሰዓት ገደማ ብቅ ትላለች፤ ከሳምንት በኋላ ግማሽ ስትሆን መውጫዋ እኩለ ሌሊት ይደርሳል።

ሰኞ ከምሽቱ 5:40 ወጣች እንበል። ቀጣዩ መውጫዋ በማግስቱ ሌሊት 6:30 ነው። ሰንጠረዡ ግን ቀን የሚለውጠው 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ ረቡዕ ብሎ ይጽፈዋል፤ ማክሰኞ ባዶውን ይቀራል። እንደ እኛ ሰዓት ቀኑን ከንጋት ቢጀምር ኖሮ፣ ባዶው ቀን ጨረቃ ከፀሐይ ጋር አብራ ወደምትወጣበት ሰሞን ይሄድ ነበር። መግቢያዋም እንዲሁ በመጀመሪያው ግማሽ ጨረቃ አካባቢ አንድ ቀን ይዘላል።